አሰልጣኙ ከየትኛው ስፖርት መጣ?

ዛሬ የምናወራው ስለ አሰልጣኞች ነው። የእግር ኳሱን ወይም የማራቶኑን አሰልጣኝ ማለቴ አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ብረት የሚያስነሳውን፣ ገመድ የሚያስወጣውን፣ ከዚያ ደግሞ ደጅ አውጥቶ የሚያስሮጠውን አሰልጣኝ ነው። ይህ ዓይነቱ ስፖርት ፈንክሽናል ፊትነስ ይባላል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን ክሮስፊት በሚለው ስም ነው።

እንዲህ ባለ ጂም ለመመዝገብ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውንና ሰዓቱን ነው። ስለ አሰልጣኙ ከጠየቀም ስንት ዓመት እንደሠራ ነው የሚጠይቀው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፦ ይህ ሰው ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ምን ነበር? ሯጭ? ጂምናስት? ክብደት አንሺ? ዋናተኛ? መልሱ የአሰልጣኙ ዓይን የት ላይ እንደሚያርፍ ይነግራችኋል። የትኛው ስህተት አፍንጫው ስር ሲሠራ ሳያየው እንደሚያልፍም ይነግራችኋል።

በዚህ ሙያ ያለፈ ታሪክ ይህን ያህል የሚከብድበት ምክንያት አለው። የክሮስፊት የመጀመሪያ ደረጃ የአሰልጣኝነት ኮርስ የሚሰጠው በሁለት ቀን ነው። ከዚያ በላይ ደረጃዎች አሉ፤ የሚቀጥሉም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ክብደት ማንሳትን፣ ጂምናስቲክን፣ ሩጫንና ቀዘፋን በሁለት ቀን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የለም። ታዲያ የጎደለው ከየት ይሞላል? አሰልጣኙ በወጣትነቱ ላቡን ካፈሰሰበት ስፖርት ነው የሚሞላው።

አንድ እንቅስቃሴ እንውሰድና ጠጋ ብለን እንየው። ትረስተር ይባላል። ብረቱን ትከሻ ላይ፣ ከአንገት ፊት ለፊት ይዞ ቁጢጥ ማለት፣ ከዚያም ብድግ ብሎ በዚያው ጉልበት ከራስ በላይ መግፋት ነው። ፍራን የሚባል የታወቀ ፈተና አለ፦ 21 ትረስተር፣ 21 ጊዜ ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ፣ ከዚያ ሁለቱም 15፣ ከዚያ ሁለቱም 9። ለወንድ ብረቱ 43 ኪሎ ነው። ምርጦቹ ከ3 ደቂቃ በታች ይጨርሱታል። አሁን አንዲት ወጣት ፍራንን እየሠራች ነው፣ ከመጀመሪያው ዙር 15ኛው ትረስተር ላይ ደርሳለች እንበል። ሦስት አሰልጣኞች ቆመው ያዩዋታል።

ከክብደት ማንሳት የመጣው የሚያየው ብረቱን ነው፦ ከሰውነቷ ምን ያህል ራቀ? ክርኗ ወደቀ ወይ? ተረከዟ ከመሬት ተነሳ ወይ? ከጂምናስቲክ የመጣው ወገቧን ያያል። ብረቱ ከራሷ በላይ ሲደርስ የጎድን አጥንቷ ወደ ፊት ተገፍቶ ወገቧ ከተቀለሰ፣ ትከሻዋ በሚገባ እንዳልተከፈተላት ወዲያው ይገባዋል። ሯጭ የነበረው ደግሞ ፊቷን አይቶ ትንፋሿን ያዳምጣል። ቁጢጥ ስትል አየር አምቃ እንደምትይዝ፣ በዚህ አያያዟም 21 ሳትሞላ ብረቱን እንደምትጥለው ያውቃል። ሦስቱም ያዩት እውነት ነው። ሦስቱም ያላዩት ነገር አለ። ልጅቷ የምታገኘው ምክር እንግዲህ በዚያን ዕለት ተረኛ የሆነው ሰው በወጣትነቱ ሲሠራ በኖረው ስፖርት ይወሰናል ማለት ነው።

ክሮስፊት ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። መሥራቹ ግሬግ ግላስማን በወጣትነቱ ጂምናስት ነበር፤ የሚወዳደረውም በቀለበት ነበር። በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ውስጥ ሲያሰለጥን ቆይቶ ክሮስፊትን በ2000 ኩባንያ አደረገው። ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ። ዛሬ የትኛውም የክሮስፊት ጂም ብትገቡ ከላይ የተንጠለጠሉት ቀለበቶች፣ ግድግዳ ስር በእጁ የቆመው ሰው፣ የዚያ የጂምናስት ልጅነት ውርስ ናቸው። ግላስማን ግን በቀለበት የበረታ ሰው ሩጫ ላይ እንደሚያለከልክ፣ ብረት ስርም እንደሚንበረከክ አልጠፋውም። ስለዚህ ብቃትን የገለጸው በዕጣ አስመስሎ ነው፤ የዓለምን የሰውነት ፈተናዎች ሁሉ አንድ ማሽን ውስጥ ከተን እያሽከረከርን ብናወጣ፣ የወጣው ምንም ይሁን ምን የማይዋረደው ሰው እሱ ብቁ ነው አለ።

በ2007 ይህ ሐሳብ ቃል በቃል ተፈጸመ። አሮማስ በምትባል የካሊፎርኒያ ገጠር፣ የዴቭ ካስትሮ ቤተሰብ እርሻ ላይ የመጀመሪያው የክሮስፊት ጌምስ ተካሄደ። ካስትሮ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ጦር አባል የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያው ፈተና ከሚሽከረከር ዕቃ ውስጥ ኳስ በማውጣት ተወሰነ። ቀዘፋ፣ ዘንግ ላይ መሳብና ብረት ከራስ በላይ መግፋት ወጣ። የአሸናፊው ሽልማት 500 ዶላር ነበር። በወንዶች ያሸነፈው ጄምስ ፊትዝጀራልድ የሚባል ካናዳዊ አሰልጣኝ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሽልማቱ 250 ሺህ ዶላር ደረሰ። እርሻ ላይ እንደ ጨዋታ የተጀመረው ነገር የሙያ ስፖርት ሆነ።

የዚህ ውድድር ጭካኔ ምን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። የ10 ሺህ ሜትር ሯጭ ለዓመታት ሲዘጋጅ የሚጠብቀው 10 ሺህ ሜትርን ነው። የክሮስፊት ተወዳዳሪ ግን ብዙውን ጊዜ ምን እንደሚጠብቀው የሚነገረው ውድድሩ ደጅ ላይ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሰውየው በልጅነቱ ሳይማር የቀረው አንድ ነገር ካለ፣ አንድ ቀን በሕዝብ ፊት መጠየቁ አይቀርም።

ሪች ፍሮኒንግን ይህ ገጥሞታል። በቤዝቦል ያደገ፣ ከቴኔሲ የመጣ ብርቱ ልጅ ነበር። በ2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ጌምስ ገብቶ እስከ መጨረሻው ፈተና ድረስ ይመራ ነበር። የመጨረሻው ፈተና ውስጥ ገመድ መውጣት ነበረበት። ገመድ በእጅ ጉልበት ብቻ የሚወጣ ይመስላል፤ የሚያውቅበት ሰው ግን በእግሩ ነው የሚወጣው። ገመዱን በአንዱ እግሩ ውጪ በኩል አሳልፎ በጫማው ስር ያስገባዋል፣ በሌላው እግሩ ከላይ ረግጦ ይቆልፈዋል፣ ከዚያ ደረጃ ላይ እንደቆመ ሰው ቀጥ ይላል። እጁ ሰውነቱን ከመያዝ ያለፈ ሥራ የለውም። ፍሮኒንግ ይህን አያውቅም ነበር። ክንዱ እስኪዝል በእጁ ብቻ ወጣ፣ ከዚያ መውጣት አቃተው፣ ተንሸራትቶም ወደቀ። ግሬሃም ሆምበርግ አሸነፈ፣ ፍሮኒንግ ሁለተኛ ሆነ። ጉልበት አላነሰውም፤ ባደገበት ስፖርት ገመድ ስለሌለ ይህን የእግር አያያዝ የሚያሳየው ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ተማረ። ከ2011 እስከ 2014 በተከታታይ አራት ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ።

የማት ፍሬዘር ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ወላጆቹ በ1976ቱ ኦሎምፒክ ካናዳን ወክለው በበረዶ ላይ ሸርተቴ የተወዳደሩ ጥንዶች ናቸው። እሱ ግን ያደገው በኦሎምፒክ ክብደት ማንሳት ነው፤ ወጣት ሳለ ጀርባው ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ወደ ክሮስፊት ሲመጣ ብረት ላይ የሚደርስበት ጥቂት ሰው ነበር። በ2014 ሁለተኛ ወጣ። በ2015 ያሸንፋል ተብሎ ሲጠበቅ ሩጫው ላይና ፒግ የሚሉትን ከባድ ነገር መገልበጥ ላይ ነጥብ ጥሎ አሁንም ሁለተኛ ሆነ። በ2016 የመጣው ግን ሌላ ሰው ነው። የሚወደውን ብረት ትቶ የሚጠላውን ሩጫና የጣለውን ፈተና ሲደጋግም ከርሞ ነበር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ እስከ 2020 አምስት ዋንጫ ወሰደ።

አውስትራሊያዊቷ ቲያ ክሌር ቱሚ በተቃራኒው ከሩጫ ነው የመጣችው። ክብደት ማንሳትን የተዋወቀችው በክሮስፊት በኩል ነው። በዚያም አላቆመችም፤ በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ምድብ አገሯን ወክላ ተወዳደረች፣ በ2018 በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ወርቅ አገኘች። በክሮስፊት ጌምስ ከ2017 እስከ 2022 ማንም አልቀደማትም፤ ከወለደች በኋላም በ2024 እና በ2025 ተመልሳ አሸንፋለች። በኋላ የተማረችውን ስፖርት ኦሎምፒክ ድረስ ያደረሰች ሯጭ እንዲህ ስትበረታ፣ የትኛው ስፖርት ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙ ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ያደጉበት ስፖርት በራሱ ሜዳም ሊከዳ ይችላል። አይስላንዳዊቷ ካትሪን ዳቪድስዶቲር ጂምናስት ነበረች። በ2014 ከማጣሪያው ያስቀራት ግን ገመድ ነው፤ ያውም እግር ሳይጠቀሙ በእጅ ብቻ መውጣት። ለጂምናስት ቀላል መሆን ነበረበት። ግን ደክሞ መውጣትና ሳይደክሙ መውጣት አንድ አይደሉም። በዓመቱ በ2015፣ ቤን በርገሮን በሚባል የማሳቹሴትስ አሰልጣኝ ስር ሆና የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፣ በ2016 ደገመችው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሠልጠን ለምን አይችልም ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ ሰውነታችን ውስጥ ነው። ጡንቻ ጉልበት የሚያገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው ጡንቻው ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ነገር ነው፤ በጣም ኃይለኛ ነው፣ ግን በ10 ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። ክብደት አንሺ የሚኖረው በዚህ ነው። ሁለተኛው በጡንቻ ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ያለ ኦክስጅን ማቃጠል ሲሆን እስከ ሁለት ደቂቃ ድረስ ዋናውን ሸክም ይይዛል። የ400 ሜትር ሯጭ መጨረሻዋ ላይ እግሯ የሚደነዝዘው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ፍራን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ሦስተኛው በኦክስጅን የሚሠራው ነው፤ እሱ ቶሎ አያልቅም፣ ግን ቀስ ያለ ነው። የእኛ ሯጮች ዓለምን የረቱበት መንገድ ይህ ነው።

ሦስቱን በአንድ ላይ ማሳደግ ሰውነትን ያጣላል። ይህን በሳይንስ መንገድ ያሳየው ሮበርት ሂክሰን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው፤ ታሪኩም ለዛሬው ርዕሳችን የተሠራ ይመስላል። ሂክሰን ብረት የሚያነሳ ሰው ነበር። ጆን ሆሎዚ በሚባል ታዋቂ ሳይንቲስት ቤተ ሙከራ ሥራ ሲጀምር፣ ሆሎዚ ሯጭ ስለነበር አብሮት ሶምሶማ መሮጥ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ጡንቻው ሲቀንስ፣ ጉልበቱም ሲከዳው ታወቀው። ለሆሎዚ ሲነግረው፣ የራስህ ቤተ ሙከራ ሲኖርህ መጀመሪያ ይህን አጥና አለው። ሂክሰን በ1980 ጥናቱን አሳተመ። አንዱ ቡድን ክብደት ብቻ፣ ሌላው የትንፋሽ ልምምድ ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ለ10 ሳምንት ሠሩ። ሁለቱንም የሠራው ቡድን እስከ ሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ጉልበቱ እንደ ሌላው ጨመረ፤ ከዚያ ቆመ፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጭራሽ ወደ ታች ወረደ። ትንፋሹ ግን አልተጎዳም።

ከዚህ በኋላ የመጡ ጥናቶች ነገሩን አለዝበውታል። ልምምዱ ከልክ ካላለፈ፣ በመካከሉ በቂ እረፍትና ምግብ ካለ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ለአሰልጣኙ ግን ትምህርቱ አሁንም ያው ነው፦ ሁሉንም በየቀኑ በሙሉ ኃይል ማሠራት ብርታት አይሆንም፤ የማይታይ ኪሳራ ነው። ለዚህ ነው የላይኛው ደረጃ ላይ ያሉት ሰዎች አንድ አሰልጣኝ ላይ የማይንጠለጠሉት። ክሪስ ሂንሾ የሚባል ሰው አለ፤ በ1985 በሃዋይ የአይረንማን ውድድር ሁለተኛ የወጣ ነው። ዋና፣ ብስክሌትና ማራቶን ማለት ነው። ዛሬ ስሙ የሚነሳው የክሮስፊት ተወዳዳሪዎችን ትንፋሽ በማሠራት ነው። ስናችን፣ ማለትም ብረትን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማንሳትን፣ የሚያስተምሩ ሌሎች አሉና እሱ የሚያውቀውን ያስተምራል።

ምን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ የሚታወቅበት ውድድርም አለ፤ ሃይሮክስ ይባላል። ከጀርመን፣ ከሐምቡርግ የተነሳ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ሞሪትዝ ፉርስተ በሜዳ ሆኪ ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ስምንት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ አንድ ሥራ አለ፦ ሸክም መግፋት፣ መጎተት፣ መቅዘፍ፣ ጆንያ ተሸክሞ በየእርምጃው ጉልበትን መሬት እያስነኩ መራመድና የመሳሰሉት። በየከተማው አንድ ዓይነት ነው። ግማሽ ያህሉ ሩጫ ስለሆነ ከሩጫ የመጣ አሰልጣኝ እዚህ ይመቸዋል። ዱባይም ላይ ይካሄዳልና በዚያ ያላችሁ አድማጮቻችን አይታችሁት ይሆናል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። የድሮ ስፖርተኛ በዚህ ስፖርት ከማንም በላይ የሚጎዳበት አንድ መንገድ አለ። ለአሥር ዓመት ኳስ ተጫውቶ፣ ከዚያ ለዓመታት ቢሮ ተቀምጦ የኖረን ሰው አስቡ። ጡንቻው ረስቷል፤ ልቡ ግን አልረሳም። እልሁ እንዳለ ነው። ጀማሪው ሲያመው ያቆማል፤ እሱ ማመምን ችሎ መቀጠል ድሮ የተማረው ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከማንም በላይ ይሠራል። ከዚያ ጡንቻው ከልክ በላይ ሲጎዳ ውስጡ ያለው ማዮግሎቢን የሚባል ነገር ወደ ደም ይፈስሳል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ምልክቱን እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ፦ ከከባድ ልምምድ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ጡንቻ አብጦ ከተወጠረ፣ ሕመሙ ከተለመደው ቁርጥማት ካለፈ፣ በተለይ ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነ፣ ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ በመጀመሪያው ሳምንት በይበልጥ መከታተል ያለበት ደካማውን ሰው አይደለም፤ "እኔ ድሮ ስፖርተኛ ነበርኩ" ብሎ የገባውን ነው።

የክሮስፊት ጌምስ ጫና ምርጦቹንም አልማረም። በ2015 መርፍ የሚባለው ፈተና በካሊፎርኒያ የሐምሌ ፀሐይ ተሠራ። በ2005 በአፍጋኒስታን በተገደለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በማይክል መርፊ ስም የተሰየመ ነው። ክብደት ያለው ሰደርያ ለብሶ 1 ማይል መሮጥ፣ 100 ጊዜ ዘንግ ላይ መሳብ፣ 200 ፑሽ አፕ፣ 300 ስኳት፣ ከዚያ እንደገና 1 ማይል ነው። የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኗ አኒ ቶሪስዶቲር ሙቀቱ ጎድቷት ውድድሩን አቋርጣ ወጣች።

በ2024 ደግሞ ሊመለስ የማይችል ነገር ሆነ። ኦገስት 8 ቀን በቴክሳስ፣ ፎርት ወርዝ፣ የመጀመሪያው ፈተና ሩጫና ከዚያ ሐይቅ ውስጥ 800 ሜትር ዋና ነበር። ሰርቢያዊው ላዛር ጁኪች ውሃ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። 28 ዓመቱ ነበር። ላዛር ውሃ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የዋተር ፖሎ ተጫዋች ነበር። ይህን የምናገረው በጣም ስለሚከነክነኝ ነው። ተወዳዳሪው ባደገበት ስፖርት ተማምኖ ጥበቃን ማላላት አይቻልም። ሮጦ የደከመ ዋናተኛ እንደ ማንኛውም ሰው ሊሰጥም ይችላል። ውሃ ዳር የሚቆሙ ዓይኖች፣ በቅርብ የሚቀዝፉ ጠባቂዎች የአዘጋጁ ግዴታ ናቸው። አሰልጣኝም ልጁን ወደ ውድድር ከመላኩ በፊት ጥበቃው እንዴት እንደተዘጋጀ ጠይቆ ማወቅ አለበት፤ መልሱ ካላረካው ልጁን ማስቀረት ሥልጣኑም ኃላፊነቱም ነው።

ታዲያ አሰልጣኝ የግድ ትልቅ ስፖርተኛ የነበረ መሆን አለበት ወይ? አገራችን ይህን ጥያቄ ከረጅም ጊዜ በፊት መልሳዋለች። በበቆጂ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በእጃቸው አልፈዋል። ስማቸውን ያስጠራው ራሳቸው ሮጠው ያመጡት ሜዳሊያ አይደለም። ልጆችን ማየት ይችሉበት ነበር።

እንግዲህ ጂም ለመመዝገብ ስትሄዱ አሰልጣኙን በአክብሮት ሦስት ነገር ጠይቁት። ያደገበትን ስፖርት ጠይቁት። ከእንቅስቃሴዎቹ የቱ እንደሚከብደው፣ እሱንም ከማን እንደተማረ ጠይቁት፤ ምንም አይከብደኝም ካለ ተጠራጠሩ። በመጨረሻም፣ ለጤናዬ ነው የመጣሁት፣ የመወዳደር ሐሳብ የለኝም ብትሉት የሚያሠራችሁ ምን እንደሚለይ ጠይቁት። ለተወዳዳሪውና ለእናንተ ያዘጋጀው አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ክብደቱንና ዙሩን እንዲቀንስላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፤ የማይቀንስ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን ስለ እንቅልፍና ስለ ጡንቻ ማገገም እንነጋገራለን።